ዘይቱ አልነበረም

ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋ ሳይሰማ ዕቃ ማገላበጥ የማይወድ አንባቢ ይኖራል። ሁለት ምንም ያልነካቸው መንጋጋ ጥርሶች። አሥራ አንድ ኪሎ። የአንድ ዓመት እንቅልፍ። የእትዬ አስካለ ምግብ ቤት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የራሴ ነበሩ። አራተኛው የሰው ነው።

ደረጀ እባላለሁ። ከጅቡቲ ከተማ መውጫ ላይ፣ ሾፌሮች ፔካ ዱዝ በሚሉት የከባድ መኪና መቆሚያ አጠገብ፣ ሸራ፣ ገመድና ጎማ እሸጣለሁ። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን መንገድ ዳር ተማርኩት። ከአገር ቤት መጥቶ ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ሸራው ከተቀደደ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ስኮርታ ጎማ ካጣም እኔ ዘንድ ይመጣል። ይዞ የሚሄደው ግን ዕቃ ብቻ አይደለም። የትኛው ነዳጅ ውሃ እንደገባበት፣ የት ቢያቆም ባትሪው እንደማይሰረቅ፣ የት ቢበላ ሆዱ እንደሚያርፍ ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ። «ደረጀ ብሏል» ከተባለ ነገሩ አለቀ። የሸጥኩትን ጎማ መልሼ ተቀብዬ አውቃለሁ። የተናገርኩትን ግን መልሼ ተቀብዬ አላውቅም ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሆዱ ለሚነፋው፣ ደረቱን ለሚያፍነው፣ ጠዋት መንጋጋውን እያመመው ለሚነሳ፣ ተመርምሮም «ምንም የለብህም» ለተባለ ሰው ነው። ምንም የለብህም የሚባል ሕመም አለ። እኔን ይዞኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ግሳት ነው። ዕቃዬን ከወደብ የሚያስፈታልኝ ትራንዚተር በስልክ «ዶሴው ገና ነው» ይለኛል፤ እኔ አገሳለሁ። «ዛሬስ ጠግበሃል» ብሎ ይስቃል። እኔ ግን ከነጋ እህል አልቀመስኩም። ቀጥሎ ሆዴ ይነፋ ጀመር። ጠዋት የታጠቅኩት ቀበቶ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ቀዳዳ ይለቀቃል። ከዚያ ማለዳ ማለዳ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት መሮጥ መጣ። ማጅራቴ የጭነት መኪና ጎማ ተሸክሞ እንዳደረ ሰው ማጅራት ደረቀ። በወሩ ገደማ መንጋጋዬ ተጨመረ፤ ስነሳ አፌን መክፈት እስኪያቅተኝ ያመኛል።

ያኔ «ተጨንቀሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ስቄ ነበር የምሸኘው። ማንም አልሞተብኝም። አልከሰርኩም። ሦስት ስልክ ነበረኝ፤ አንዱ የዚህ አገር፣ አንዱ የኢትዮጵያ፣ አንዱ ድሬዳዋ ላለችው ባለቤቴና ለልጆቼ። ዓይኔን ሳልገልጥ አንዱ ይጮሃል። መርከብ ይዘገያል፤ ደንበኛዬ ጠረፉ ላይ፣ ጋላፊ፣ ጎማው ይፈነዳበትና ለእኔ ይደውላል፤ በበጋው ሙቀት መብራት ይጠፋል፤ ልጄ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትፈልጋለች። ከሰዓት በኋላ ጫት አለ፤ ጫቱ ላይም ስልክ አለ። ይህን ሕይወት ነው የምለው እንጂ ጭንቀት ነው ብዬ አላውቅም። ጭንቀት ለእኔ ሥራ የፈታ ሰው ሕመም ነበር።

ምሳዬን ዘጠኝ ዓመት የበላሁት እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። ከእኔ በአምስት በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ወደ ጅቡቲ የመጣችው ለቤት ሠራተኝነት ሲሆን ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቪላ አሥራ አራት ዓመት እያደረች ሠርታለች፤ የሰው ልጆች አሳድጋለች። ያጠራቀመችውን ይዛ ወጣችና ከእኔ ሱቅ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ አራት ጠረጴዛ ዘረጋች። «ቁልፉ ከኔ ኪስ ነው» ትል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሽሮዋ ወፍራም፣ የአርብ ዓሣ ጥብሷ የሾፌር ወረፋ የሚያስይዝ ነበር። ቆጣ ትላለች። አንድ እጄ ጉርሻ፣ አንድ እጄ ስልክ ይዞ ስትደርስብኝ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ድፋው ያንን ስልክ! እየጮህክ የዋጥከው የት እንዲገባልህ ነው?» ትለኛለች።

«እትዬ፣ አንቺ ሽሮሽን አማስዪ፣» እላታለሁ። ሾፌሮቹ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች።

ይህን ያመጣሁት በምክንያት ነው። የመጀመሪያዋ ሐኪሜ እሷ ነበረች። አላወቅኩላትም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከምሲን የሚሉት ሞቃት ነፋስ የሚነፍስበት ወር ነበር። ጠዋቱን ስጮህ ነው ያረፈድኩት፤ የጎማ ኮንቴይነሬ ተይዟል፣ ሁለት ደንበኞች ሱቄ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ትራንዚተሩ ስልክ አያነሳም። ሮጬ እትዬ አስካለ ቤት ገባሁ፣ ዓሣ በላሁ፣ እየበላሁ አሥር ጊዜ ደወልኩ፣ ሮጬ ተመለስኩ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። ሳብኩ፤ አልሞላም። ደግሜ ሳብኩ። ቶሎ ቶሎ ሳብኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መታ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ጣቶቼን አየኋቸው። እንደ ዶሮ እግር ተጨብጠዋል። ልፈታቸው ብል አልታዘዝ አሉ። ሆዴን ቆረጠኝ። ላቤ በረደ። ሞትኩ አልኩ። ወደቅኩ።

ስነቃ ሸራ ላይ አጋድመውኛል። ጥላሁን የሚባል የተሳቢ ሾፌር ጭንቅላቴን ይዞ ውሃ ያርከፈክፍብኛል።

«ጋሽ ደረጀ! ጋሽ ደረጀ! ምን በልተህ ነው?»

ዙሪያዬን ሰባት ስምንት ሾፌር ቆሟል። ሁሉም አፌን ያየኛል። ዕቃ ሲበላሽ «ማን ነው የሸጠው?» ብሎ መጠየቅ የሥራዬ ልማድ ነው። ሆዴ ተበላሽቷል። ማን ነው የሸጠልኝ?

«ዘይቷ ነው፣» አልኩ። «አንዱን ዘይት እየደጋገመች ትጠብስበታለች።»

አይቻት ነበር? አላየኋትም። ጓዳዋ ገብቼ አላውቅም። የተናገርኩት ይችን ብቻ ነው፤ ሌላ አልጨመርኩም። ሌላ መጨመርም አላስፈለገኝም።

ሾፌሮች በስልካቸው ግሩፕ አላቸው። መንገድ ሲዘጋ፣ ፍተሻ ሲበዛ በድምፅ መልእክት ይነጋገሩበታል። የዚያን ዕለት ማታ ሳይደርስ መልእክቱ ሚሌ ገብቷል፣ በማግስቱ አዋሽን አልፏል። «ፔካ ዱዝ የአስካለ ቤት እንዳትበሉ፤ ደረጀን ገድላው ነበር።» የእኔ «ዘይቷ ነው» እዚያ ሲደርስ «ገድላው ነበር» ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ወደ ሱቄ መጣች። መቀነቷን እንደታጠቀች፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። በእጇ ገና የተከፈተ የዘይት ጀሪካን ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«እንካ። አሽትተው።»

«እትዬ፣ ደንበኛ ነኝ እንጂ ላቦራቶሪ አይደለሁም፣» አልኳት።

ሁለት ሾፌሮች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ዘጠኝ ዓመት አብልቼሃለሁ፣ ደረጀ። አንድ ቀን አሞህ ያውቃል?»

«ይኸው አመመኝ።»

«እሺ ና፤ ጓዳ ግባ። ጋኑንም፣ መጥበሻውንም፣ ጀሪካኑንም በዓይንህ እይ። አይተህ ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠይቅህም።»

ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ሄጄ አይቼ መመለስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ግን ሾፌሮቹ ያዩኛል። የተናገርኩትን መልሼ መቀበል ማለት ነው። ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት። እሷ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ከዚህ ጽሑፍ አንዲት መስመር ብቻ መፋቅ ብችል፣ ያን ስልክ ያነሳሁባትን ነበር የምፍቃት።

ሕመሜ ግን አልሄደም። ያኔ ወደ ሕክምና ዞርኩ፤ የዞርኩትም ገበያ እንደሚዞር ሰው ነው። አንዱ ክሊኒክ የማይመስለኝን ከተናገረ ወደሚቀጥለው። አንዱ ጋ ታይፎይድ ነው ተባልኩ፣ መድኃኒት ጨረስኩ። ሌላው ጋ አሜባ ነው ተባልኩ፣ ጨረስኩ። ፋርማሲ ሄጄ ኦሜፕራዞል በራሴ ገዛሁ፤ ማቃጠሉን ትንሽ አበረደው፣ ንፋቱን አልነካውም። መንጋጋዬን ያየ የመጀመሪያው የጥርስ ሐኪም «ጥርስህ ጤነኛ ነው፣ ሌሊት እያፋጨህ ይመስለኛል፣ አልነቅልም፣ ማታ የምትነክሰው ሽፋን ልሥራልህ» አለኝ። ሰነፍ ነው አልኩ። የሚነቅልልኝ እስካገኝ ዞርኩ። አገኘሁ። ለምኜ አስነቀልኩ። አንዱ ተነቅሎ ሕመሙ አልለቅ ሲል አጎራባቹን አስነቀልኩ። ከሁለተኛው በኋላም መንጋጋዬ እንደነበረው ያመኛል። የማዝነው በነቃዩ አይደለም። እኔ እኮ የሚስማማውን ዋጋ እስኪያገኝ እንደሚከራከር ሰው ነበር በምርመራ ውጤት የምከራከረው።

በዚህ መሃል የእትዬ አስካለ አራት ጠረጴዛ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አንድ ሆነ። አንድ ጠዋት ሳልፍ ደጃፉ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በሳምንቱ አንድ ሰው የስልክ ካርድና ቀዝቃዛ ውሃ ይሸጥበት ጀመር። ጥላሁንን የት ሄደች አልኩት።

«ሀራሙስ፣» አለኝ። «ከሰው ቤት ገብታለች። ታድራለች።»

አገሳሁ።

ምግብ ቤቱ ከተዘጋ አራት ወር ሆነው፤ ሆዴ ግን ወሬውን አልሰማም። እንደ ድሮው ይነፋል። አሁን ደግሞ ዳቦውን እከሳለሁ፣ ወተቱን እከሳለሁ፣ የቧንቧውን ውሃ እከሳለሁ። መብላት ፈራሁ። አሥራ አንድ ኪሎ የቀነስኩት ያኔ ነው። ባለቤቴ በቪዲዮ ደውላ አየችኝና ወዲያው ለጥላሁን ደወለች። ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በማግስቱ ጥላሁን መኪናውን አቁሞ በታክሲ ከተማ ወሰደኝ፤ ወንድሙ የታከመባት ዶክተር ፋዱማ የምትባል የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ።

ዶክተር ፋዱማ በፈረንሳይኛና በሶማልኛ ነው የምትናገረው። አማርኛውን የምታደርስልኝ ነርሷ ሰዓዳ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ስለዚህ የሐኪሜን ቃል የሰማሁት በድሬ አንደበት ነው።

መጀመሪያ ሰውነቴን እንጂ ኑሮዬን አልጠየቀችም። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። «ሰው ኪሎ ሲቀንስ ጭንቀት ነው ብሎ ማሰናበት አይፈቀድም» አለች። ደም ታየ፣ ሰገራ ታየ፣ ሄሊኮባክተር የሚባለው የጨጓራ ጀርም ታየ፣ ታይሮይድ ታየ፣ ስኳር ታየ። የልብ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ተነሳሁ። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ፣ በጉሮሮዬ ወረደ። ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ሌላው ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ከፋኝ፤ የሌለብኝ ነገር ይህን ያህል አያሰቃየኝም አልኩ።

«ወላሂ አትናደድ፣» አለችኝ ሰዓዳ። «ዶክተሯ ስም አላት ለዚህ። ኮሎፓቲ ፎንክሲዮኔል ትልሃለች። አንጀትህ አልተበላሸም፣ ተቆጥቷል ነው። ያ የወደቅክበት ደግሞ ትንፋሽህን ቶሎ ቶሎ ስበህ ስበህ ነው፣ ጣትህን የጨበጠውም እሱ ነው። መንጋጋህን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስታፋጭ ታድራለህ።»

«ከምን የተነሳ?»

«ስትሬስ።»

«ማን ሞተብኝ?» አልኩ።

ዶክተሯ ጥያቄዬ ሲተረጎምላት ፈገግ አለችና ስልኮቼን ጠየቀች። የትናንቱን ጥሪ ቆጠረች። በሦስቱ ስልክ ዘጠና አራት። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፣ ሰዓዳም ቀስ ብላ አመጣችው።

«አንድ ትልቅ መኪና ፊት ለፊት ቢመጣብህ ሰውነትህ ምን ያደርጋል? ደሙን ከሆድህ ወስዶ ለእግርህ ይሰጣል። ልብህን ያስሮጣል፣ መንጋጋህንና ትከሻህን ያጠብቃል። ትሸሻለህ፣ ትድናለህ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አንተ ዘጠና አራት ጊዜ መኪና ይመጣብሃል። አንዴም አትሸሽም። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ዓሣ ትበላለህ።»

ዓሣ ስትል ደነገጥኩ። ስለ ዓሣው አልነገርኳትም ነበር፤ የጅቡቲ ሰው ስለሆነች ነው ዓሣ ያለችው።

መድኃኒት ሳትጽፍልኝ መጀመሪያ ደብተር አዘዘችልኝ። ሕመሙ ሲመጣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የበላሁትን፣ ያን ሰዓት ስሠራ የነበረውን ሦስት ሳምንት እንድጽፍ። ለመጻፍ አልሰነፍኩም፤ ዕቃ ሲበላሽ ከየት እንደተበላሸ ማወቅ እወዳለሁ። ከዘይት ጋር እንደሚገናኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲያውም ላረጋግጥ ብዬ አርብ ከሰዓት በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ የሚጠበስ ሳምቡሳ ገዛሁ። ስድስት። ወረቀቱ በዘይት ግልጽ ሆኖ ከጀርባው ጣቴ ይታያል። አጠገቤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አርብ ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው፣ ስልኩ ዝም ብሏል። ስድስቱንም በላሁ። ሕመሙን ጠበቅኩት። አልመጣም። እስከ ቅዳሜ ማታ አልመጣም።

እዚህ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው። እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ትራንዚተሩ ደወለ። ስሙን ስልኩ ላይ ሳየው፣ ገና ሳላነሳው፣ ሆዴን ቆረጠኝ።

በደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሰዓት፦ አንድ ተኩል። የተበላ፦ ምንም።

ሦስቱ ሳምንት ሲሞላ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። አርብ ባዶ። ቅዳሜ ባዶ። እሁድ ሦስት ጊዜ። ማክሰኞ የመርከብ ቀን፣ አራት ጊዜ። ስለ ምግብ የጻፍኩት ሁሉ ወዲያና ወዲህ ተበታትኗል፤ አንዱ ቀን ሩዝ፣ አንዱ ቀን ፓስታ፣ አንዱ ቀን ምንም። ስልኩ ግን ከሕመሙ ጎን አንድም ቀን አልጠፋም። ከዚያ በአእምሮዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ዘንድ ዓሣ የምበላው አርብ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አርብ አሞኝ አያውቅም። የወደቅኩበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ያን ቀን ለምኛት ነው ዓሣ የጠበሰችልኝ።

ደብተሩን ዘጋሁት። ቀና ስል ከማዶ ያ የውሃ ሻጭ የእትዬ አስካለን ደጃፍ ይጠርጋል።

የዚያኑ ዕለት ሾፌሮቹ ግሩፕ ውስጥ የድምፅ መልእክት አስገባሁ። ደረጀ ነኝ አልኩ፣ የአስካለ ዘይት ንጹሕ ነበር አልኩ፣ ሳላይ ነው የተናገርኩት፣ ሕመሜ የጭንቀት ነው፣ ሐኪም አረጋግጦልኛል አልኩ። መልሱን እንዳለ ልጻፈው።

አንዱ፣ «ጋሽ ደረጀ፣ ስንት ሰጠችህ?»

ሌላው፣ «ጭንቀት? አንተ? አንተ እኮ ነህ ሰው የምታስጨንቀው!»

ሦስተኛው፣ «እሺ፣ አሁን የት ነው የምንበላው ታዲያ? ተዘግቷል እኮ ቤቱ።»

ከዚያ አንዱ የመንገድ መዘጋት ወሬ አስገባና ወሬው ወደዚያ ሄደ። የእኔ መልእክት ሚሌ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ፊተኛው በአንድ ቀን አዋሽን ያለፈው ሰው ስለሚያስፈራ ነው። ይኸኛው ማንንም አያስፈራም።

በሚቀጥለው አርብ ሀራሙስ ሄድኩ። ዘበኛው አፋር ነው፤ ስሟን ስነግረው «እማማ አስካል» ብሎ በኢንተርኮም ጠራልኝ። አሥር ደቂቃ ነው የምትችለው አለኝ። ወጣች። የሠራተኛ ልብስ ለብሳለች፤ እጅጌው ላይ ነጭ ጥለት አለው። ከስታለች። እኔንም አየችኝ።

«በስመአብ! ደረጀ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?»

ለራሷ ያላለችውን ለእኔ አለች። ቆሜ ነገርኳት። ዘይትሽ አልነበረም አልኳት። ደብተሩን ይዤ ነበር፤ ማንበብ ስለማትወድ አነበብኩላት። አርቡን፣ ሳምቡሳውን፣ እሁድን። ሳምቡሳው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ የድሮው ሳቋ ነው።

«ስልኩን ድፋው አላልኩህም? ይኸን ለማወቅ ነው ጉሮሮህ ውስጥ ቱቦ የከተቱብህ?»

«ብለሽኛል።»

«ዘጠኝ ዓመት ብዬሃለሁ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ጫማዋን እያየች ሰማችኝ። ቤት እንፈልግ፣ ጠረጴዛውንም መጥበሻውንም እኔ አስገዛለሁ፣ ሾፌሮቹንም አንድ በአንድ እኔ አመጣልሻለሁ አልኳት።

«ይቅር ብያለሁ፣ ወንድሜ። ከልቤ ነው፣ ዕዳ የለብህም፣» አለችኝ። «ቤት ግን አልከፍትም። አንድ ሰው ሆዱን በቆረጠው ቁጥር የሚዘጋ ቤት ሁለተኛ አልከፍትም። እዚህ ቢያንስ ምግቤን የሚበሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ ቢያማቸውም ሐኪም አላቸው።»

ዘበኛው በሩን አንኳኳ። ልትገባ ስትል ተመለሰች።

«በቀስታ ብላ እሺ?» አለችኝ።

መዳኔን እዚህ ላይ ብጀምረው ደስ ይለኛል፣ ግን መዳን የጀመረው በዚያ ቀን አልነበረም፤ ቀስ እያለ፣ ጎማ ቀስ በቀስ እንደሚተነፍስ ሳይታወቅ ነው የመጣው፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተመለሰ። ዶክተር ፋዱማ ካዘዘችልኝ የአንጀት ማስታገሻ ሌላ የሰጠችኝ ትእዛዝ ሁሉ ነፃ ነው፤ ነፃ ስለሆነ ነው መሰለኝ መጀመሪያ ያላመንኩት። ስልክ ሲጮህ ከማንሳቴ በፊት በአፍንጫዬ አራት እስክቆጥር ሳብ አድርጌ በቀስታ ስድስት እስክቆጥር አስወጣለሁ፤ ማስወጣቱ ከመሳቡ መርዘም አለበት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው የሚሳሳተው ለመሳብ ሲታገል ነው። ቀን ቀን መንጋጋዬን እፈትሻለሁ፤ ከንፈር ሲዘጋ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ መነካካት የለባቸውም፣ የሚገናኙት ስንበላ ብቻ ነው፤ ይህን እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ አላውቅም ነበር። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሲወጣ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ብትቆጥሩ ትገረማላችሁ። ፀሐይ ሳትከር ከሱቄ እስከ ናጋድ መንገድ መታጠፊያ ድረስ ወደ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ፤ ሾፌሮች መጀመሪያ «ጋሽ ደረጀ መኪናውን ሸጠ እንዴ?» ይሉ ነበር፣ አሁን ጡሩምባ ነፍተው ሰላም ይሉኛል። ጫቱን ለአርብ ብቻ አደረግኩት፤ ይህን ጀግንነት አድርጋችሁ እንዳታዩልኝ፣ እንቅልፌ ሲመለስ ጫቱ ራሱ ጣዕሙ ቀነሰብኝ። ቡናና ሻይ ከምሳ በኋላ አቆምኩ። ሦስቱን ስልክ ሁለት አደረግኩት። ምሳ ላይ ደግሞ ስልኩን በፊቱ እደፋዋለሁ፤ አንዳንዴም ሰው ሳይሰማ «ድፋው» እላለሁ።

በሦስተኛው ወር ማለዳ መሮጡ ቀረ። በአምስተኛው ወር ቀበቶዬ ጠዋት ከታጠቅኩበት ቀዳዳ እስከ ማታ ዋለ። መንጋጋዬ ላላ፤ ዶክተሯ የላከችኝ የጥርስ ሐኪም ለማታ የሚነከስ ለስላሳ ሽፋን ሠራልኝ። ይኸውም የፊተኛው «ሰነፍ» ሐኪም ሊሠራልኝ የነበረው ነው። ኮንቴይነር ይያዛል፣ ትራንዚተር አያነሳም፣ መብራት ይጠፋል። ኑሮው አልተለወጠም። አንዳንድ እሁድ ሆዴ አሁንም ያጉረመርማል፤ ሰማሁህ እለዋለሁ፤ ያልፋል።

ለእናንተ የምለው ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ተመርመሩ። ክብደት መቀነስ፣ ደም፣ ወደ ክንድ የሚሄድ የደረት ሕመም ካለ ጭንቀት ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ተመርምራችሁ ምንም ካልተገኘ ደግሞ የሚስማማችሁን መልስ እስክታገኙ አትዙሩ፤ አንድ ሐኪም ያዙ፣ ደብተር ያዙ፣ ከምግቡ ጎን ያን ሰዓት ምን ስትሠሩ እንደነበር ጻፉ። የታመመ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ፈልጉ፣ ግን ሳታዩ ስም አትጥሩ። የእኔ ሆድ ዳነ። ስሙን የጠራሁበት ቤት አልዳነም።

ዶክተር ፋዱማን አመሰግናለሁ፤ ሆዴን ሳትንቅ ኑሮዬን ጠየቀችኝ። ሰዓዳን አመሰግናለሁ፤ የፈረንሳይኛውን አስፈሪ ስም በድሬ ልጅ ሳቅ አለሰለሰችልኝ። ጥላሁንን አመሰግናለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከመሬት አነሳኝ። እትዬ አስካለን አመሰግናለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አበላችኝ፣ የሚያመኝንም ከሁሉ አስቀድማ ነገረችኝ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። አሥራ አንዱ ኪሎ ተመልሷል። እንቅልፌ ተመልሷል። ሁለቱ ጥርሶች የሉም። እትዬ አስካለ ሀራሙስ ናት፤ ቁልፉ ከሰው ኪስ ነው።